ሠራተኛ ወደ ውጭ ከመላካችሁ በፊት የዲፌንስ ቤዝ አክት ኢንሹራንስን እንዴት ታሟላላችሁ?

ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ውል ፈርማችሁ ሥራው ያለው ከአሜሪካ ውጭ ከሆነ፣ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ኢንሹራንሱን ጨርሱ። የጉዞ ወይም የጤና ኢንሹራንስ ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1941 የወጣው ዲፌንስ ቤዝ አክት የተባለው የአሜሪካ ሕግ የሚያስገድደውን የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ ነው የምለው። አሜሪካ ውስጥ በየስቴቱ የሚገዛው የሠራተኛ ካሳ ይህን አይተካም።

መጀመሪያ ውሉን አንብቡ። 52.228-3 የሚል ቁጥር ያለው አንቀጽ ካገኛችሁ ጥያቄ የለውም፣ ግዴታው አለባችሁ። አንቀጹ ባይኖርም አትዘናጉ፤ የሚያስገድዳችሁ ሕጉ ራሱ ነው። በውጭ አገር ባሉ የአሜሪካ ጦር ሰፈሮች የሚሠራ ሥራ ይገባበታል፤ ከመንግሥት ጋር የተፈረመ የግንባታ ሥራ፣ ከመከላከያ ጋር የተያያዘ አገልግሎትም እንደዚያው።

ከዚያ ሰው ቁጠሩ። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። አሜሪካውያኑን ብቻ ቆጥረው እዚያው አገር የተቀጠሩትን ሾፌሮች፣ አስተርጓሚዎችና ምግብ አብሳዮች ይረሳሉ፤ ሕጉ ግን ዜግነት አይለይም። የአገሩን ሰዎች ለማስቀረት ፈቃድ ማግኘት ይቻላል፤ ግን እናንተ ሳትሆኑ ውሉን የሰጣችሁ መሥሪያ ቤት ነው የአሜሪካን የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስትር የሚጠይቀው። ፈቃዱ ቢገኝም ለአሜሪካ ዜጎች፣ ለአሜሪካ ነዋሪዎችና አሜሪካ ውስጥ ለተቀጠሩ አይሠራም። በፈቃዱ ከኢንሹራንሱ የቀሩትም ቢሆኑ በአገራቸው ሕግ መሠረት ካሳ ሊኖራቸው ይገባል።

ንዑስ ኮንትራክተር ካላችሁ ደግሞ ቃሉን ብቻ አትመኑ። የኢንሹራንሱን ማስረጃ በእጃችሁ ያዙ፣ ግዴታውንም በውላችሁ ውስጥ ጻፉት። እሱ ሳይገዛ ቀርቶ ሠራተኛው ቢጎዳ ዕዳው ወደ እናንተ ይዞራል።

ግዢው ላይ፣ የአሜሪካ የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስቴር ፈቃድ ከሰጣቸው ኩባንያዎች ብቻ ግዙ። አረቦኑ፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ የምትከፍሉት ዋጋ፣ የሚሰላው በእያንዳንዱ 100 ዶላር ደመወዝ ላይ ነው፤ አገሩና የሥራው ዓይነት ዋጋውን በጣም ይለውጠዋል። ስለዚህ ጨረታ ከማስገባታችሁ በፊት ዋጋ ጠይቁና ከጨረታው ሒሳብ ጋር ደምሩት። የደመወዙን ግምት አታሳንሱ፤ ኋላ ኦዲት ሲደረግ ልዩነቱን መክፈላችሁ አይቀርም።

ሰው ሲጎዳስ? ሕክምናውን ወዲያው አስጀምሩ፣ ከዚያ ኤል ኤስ 202 የሚባለውን የጉዳት ሪፖርት ፎርም በ10 ቀን ውስጥ ለሚኒስቴሩ አስገቡ። ጨርሶ መሥራት ላልቻለ ሰው የሚከፈለው ከአማካይ የሳምንት ደመወዙ ሁለት ሦስተኛው ነው፣ ጣሪያ ግን አለው። "ከሥራ ሰዓት ውጭ ነው የተጎዳው" ብላችሁም ቶሎ አትደምድሙ። አሜሪካ በምታስተዳድራት የፓስፊክ ደሴት በጉዋም ላይ አንድ የኮንትራክተር ሠራተኛ በድርጅቱ መዝናኛ ሥፍራ ሳለ ባሕር ውስጥ እርዳታ የሚጠሩ ሰዎችን ለማዳን ገብቶ ሰጠመ፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1951 ቤተሰቡ ካሳ ይገባዋል ያለውን ውሳኔ አጸና። ቦታው ራሱ የሚያመጣውን አደጋ ሕጉ ይቆጥረዋል ማለት ነው።

ጉዳቱ ከጦርነት የመጣ ከሆነ፣ የኢንሹራንስ ኩባንያው የከፈለውን እ.ኤ.አ. በ1942 በወጣ ሌላ ሕግ ከመንግሥት ሊያስመልስ ይችላል። እሱ የኩባንያው ጉዳይ ነው፣ እናንተ ግን ሪፖርቱን በወቅቱ አድርጉ።

ሳይገዙ መቅረት ወንጀል ነው። እስከ 10,000 ዶላር ቅጣት፣ እስከ አንድ ዓመት እስር ወይም ሁለቱንም ያስከትላል፤ የድርጅቱ ፕሬዚዳንት፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥም በግላቸው ይጠየቃሉ።

አንድ የመጨረሻ ሥራ አለ፣ እባካችሁ አትዝለሉት። ሠራተኛው ጉዳቱን ለማሳወቅ በአብዛኛው 30 ቀን፣ ካሳ ለመጠየቅ ደግሞ አንድ ዓመት አለው። ይህን የማያውቅ አስተርጓሚ ተጎድቶ ባዶ እጁን ቤቱ ሊቀመጥ ይችላል። ስለዚህ የኢንሹራንሱን ስም፣ የፖሊሲውን ቁጥርና የሚደወልበትን ስልክ በሚያነበው ቋንቋ ጽፋችሁ ሥራ በጀመረበት ቀን እጁ ላይ አድርጉለት።