ሁለት አጎበር ደራርቦ የግራፊንን ጉድ ማየት እንዴት ይቻላል?

ግራፊን ውፍረቱ አንድ አቶም ብቻ የሆነ የካርቦን ንጣፍ ነው። ቅርጹ የማር እንጀራ ይመስላል። ባሕር ዳር ውስጥ ደግሞ የማር እንጀራ የሚመስል ነገር ከቤት አይጠፋም፤ አጎበር። ቀረብ ብላችሁ እዩት፤ የብዙው ቀዳዳ ባለ ስድስት ጎን ነው።

የተቀዳደደ አሮጌ አጎበር ፈልጉ (የምትተኙበትን እንዳትነኩ!)። ጎናቸው 40 ሳንቲሜትር የሆነ ሦስት ቁራጭ አውጡ፤ ሁሉም ከአንድ አጎበር ይሁኑ። ጣና ውስጥ ግን አትጠቧቸው፤ የተነከሩበት መድኃኒት ለዓሣ መርዝ ነው። ሥራው በጠዋት ይሻላል። ከሰዓት በኋላ የሐይቁ ነፋስ ከተነሳ አጎበር አልያዝ ይላል።

አንዱን ቁራጭ ነጭ ወረቀት ላይ ሳትለጥጡ በፕላስተር አጣብቁ። ሁለተኛውን በላዩ አንጥፉ፤ ረድፎቹ ይግጠሙ። መሀሉን በመርፌ ወጋ አድርጉና የላይኛውን በዝግታ አዙሩ። ጠቆር ነጣ ያሉ ትልልቅ ጥለቶች ብቅ ይላሉ። ሞይሬ የሚባለው ይሄ ነው።

በ5 ዲግሪ ጥለቱ ቀዳዳውን 11 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ወደ 1.1 ዲግሪ ስትመልሱት 52 ጊዜ! ቀዳዳው 2 ሚሊሜትር ከሆነ አንዱ ጥለት 10 ሳንቲሜትር ሆነ ማለት ነው። እዚህ ላይ ማቆም ፈተና ነው፤ ትንፋሽ እንኳ ያበላሸዋል።

ለምን 1.1? ሁለት የግራፊን ንጣፎች በዚህ ማዕዘን ሲደረቡ በውስጣቸው ያሉት ኤሌክትሮኖች በጣም ይዘገያሉ፤ ስለዚህ አንዱ የሌላውን መኖር አጥብቆ ይሰማዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 ኤምአይቲ በተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተመራማሪው የፓብሎ ሃሪዮ-ኤሬሮ ቡድን እንዲህ የተደረበ ግራፊን በብርቱ ቅዝቃዜ ያለ ሬዚስታንስ (ያለ ምንም እንቅፋት) ኤሌክትሪክ እንደሚያሳልፍ አሳየ። እነሱም አንዱን ንጣፍ ለሁለት ቀደው ነው የደረቡት። የረድፉ አቅጣጫ የሚታወቀው እንደዚያ ሲሆን ነው።

አሁን ሦስተኛውን ቁራጭ ከላይ ጨምሩ፤ ሳታዞሩ በአራቱም በኩል በጣም ትንሽ ለጥጡት። ይሄ ቦሮን ናይትራይድ ይሁንላችሁ፤ ቅርጹ እንደ ግራፊን የማር እንጀራ የሚመስል ሌላ ቁስ ነው፤ የእሱ ቀዳዳ ከግራፊን 1.8 በመቶ ያህል ይሰፋል። ከዚያ በየጥለቱ ሦስት ሦስት ሽምብራ አስቀምጡ። በላቦራቶሪ ይሄን የሚሞላው ቮልቴጅ ነው፤ ሽምብራውም ኤሌክትሮን ነው።

ቶፖሎጂ (ቅርጽ ሲለጠጥም ሲጣመምም የማይለወጠውን ነገር የሚያጠናው የሒሳብ ዘርፍ) የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። እንዲህ የተደረበው ግራፊን መሀሉ ኤሌክትሪክ አላሳልፍም ይላል፤ ጠርዙ ግን ያሳልፋል፣ ያውም በአንድ አቅጣጫ ብቻ። አደባባይ የሚዞሩ ባጃጆችን አስቡ። ኤሌክትሮኑ እንከን ቢያጋጥመው ዞሮ ያልፋል እንጂ ወደ ኋላ አይመለስም። ማግኔት እንኳ ማቅረብ አያስፈልግም። የእኛ ሽምብራ ግን ጠርዝ ላይ ሲደርስ መውደቅ ብቻ ነው የሚያውቀው።