ግዙፉ ሮቦት አልታዘዝ ሲል፦ የፓይለት ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ሳይንስ ልብ ወለድ ለሚጽፍ ሰው 18 ሜትር የሚረዝም ሮቦት መሥራት ቀላል ነው። ሁለት መስመር ይበቃዋል። ጣጣው የሚጀምረው ሰውዬውን ጋቢና ውስጥ ሲያስቀምጠው ነው። ምን ይጨብጥ? ምን ይርገጥ? (በልማድ ፓይለት እንለዋለን እንጂ ሥራው ለሾፌር ይቀርባል።) ከታች ያሉት በእንዲህ ዓይነት ታሪኮች ደጋግሜ የማያቸው ብልሽቶች ናቸው። የእናንተን ፈልጉና ከዚያ ጀምሩ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ማንሻው ሁለት፣ ሥራው መቶ

ምልክት፦ ፓይለቱ አንድ ማንሻ ይገፋል። ሮቦቱ ጎንበስ ይልና መኪና አንስቶ ይወረውራል። አንባቢው "ቆይ፣ እንዴት?" ይላል።

መንስኤ፦ ቁጥሩ አይገጥምም። ግንባታ ቦታ ቆማችሁ ኤክስካቫተር አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ኦፕሬተሩ በሁለቱ እጆቹ የያዛቸው ማንሻዎች የሚያዙት አራት ነገር ነው፦ ትልቁን ክንድ፣ ትንሹን ክንድ፣ ባልዲውንና የጋቢናውን መዞር። አራቱን አቀናጅቶ መሥራት ራሱ ስንት ልምምድ ይፈልጋል። የአንድ እጃችን ጣቶች ብቻ ግን 14 መታጠፊያ አላቸው። ገና ወደ ክርን አልደረስንም።

መፍትሄ፦ ፓይለቱ መገጣጠሚያ ማዘዙን ይተው፤ የሚፈልገውን ብቻ ይናገር። ፈረሰኛ ልጓሙን ወደ ግራ ሲስብ የትኛው እግር መቼ እንደሚነሳ አይጨነቅም፤ እሱ የፈረሱ ጉዳይ ነው። በ1974 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ኤፍ-16 የተዋጊ ጄትም እንዲሁ ነው። ሆን ተብሎ ሚዛኑ እንዳይጸና ተደርጎ የተሠራ ነው፣ በፍጥነት እንዲገለባበጥ። ኮምፒውተሩ ያለማቋረጥ ባያርመው የሰው እጅ አይችለውም። ፓይለቱ የሚሰጠው ፍላጎቱን ነው፤ ክንፉን የሚያዘው ኮምፒውተሩ ነው።

እንዲህ ስታደርጉት ታሪክም ታገኛላችሁ። ፈረሱ እምቢ ያለ ቀንስ?

የፓይለቱ ቡጢ አልቋል፣ የሮቦቱ ገና አልተነሳም

ምልክት፦ ፓይለቱ ሴንሰር የሞላበት ልብስ ለብሷል። እሱ ያደረገውን ሮቦቱ በዚያው ቅጽበት ይደግማል። ሲነበብ ግን ክብደቱ የለም፤ ብረቱ እንደ ፌስታል ይወራጫል።

መንስኤ፦ ትልቅ ነገር ቀርፋፋ ነው። አጭርና ረጅም ገመድ ላይ ድንጋይ አንጠልጥላችሁ ብታወዛውዙ ታዩታላችሁ። ሮቦቱ ከሰው 10 እጥፍ ከረዘመ፣ የእግሩ ውዝዋዜ የሚወስደው ጊዜ በ10 ስኩዌር ሩት ያድጋል፤ ሦስት እጥፍ ከምናምን ማለት ነው። ሰው በግማሽ ሰከንድ የሚራመደውን እሱ ከአንድ ሰከንድ ተኩል በላይ ይፈጅበታል። በግድ በሰው ፍጥነት ካስኬዳችሁት ጋቢናው ውስጥ ያለው ንውጽውጽታ 10 እጥፍ ይሆናል። ፓይለቱ ለሁለተኛው እርምጃ አይደርስም።

ሌላም አለ። ሮቦቱ ግድግዳ ሲመታ እጁ እዚያው ይቀራል፤ የፓይለቱ እጅ ግን አየሩን ሰንጥቆ ያልፋል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሁለቱ አካላት ተለያይተዋል።

መፍትሄ፦ ልብሱ ይታገለው። ፓይለቱ ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ እንደገባ ሰው ይንቀሳቀስ፣ ግድግዳውም እጁን ይመልሰው። ይህ ፈጠራ አይደለም። ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሬይመንድ ጎርትዝ በአሜሪካ አርጎን ብሔራዊ ላቦራቶሪ፣ ጨረር ያለባቸውን ቁሶች ከግድግዳ ማዶ ሆነው የሚይዙ የብረት እጆችን ሠርቷል። ማዶ ያለው እጅ የነካው ነገር ወዲህ ላለው ሰው ይሰማዋል።

ከሁሉ የምወደው ግን በ1960ዎቹ የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲሱ ራልፍ ሞሸር የሠራው ባለ አራት እግር ማሽን ነው። ሰውዬው መሐሉ ይቀመጣል። የፊት እግሮቹን በእጁ፣ የኋላዎቹን በእግሩ ይነዳል። ማሽኑ የረገጠው ነገር ይሰማዋል። ደግሞም ይሄዳል! ችግሩ፣ አራት እግር እያሰቡ መራመድ ሰውን ቶሎ ይጨርሰዋል። ስለዚህ የእኔ ምክር፦ ልብሱ ክንዶቹን ብቻ ይንዳ። እግር ለኮምፒውተሩ ይተው።

በሐሳብ ሲነዳ ያመዋል

ምልክት፦ የሮቦቱ ክንድ ይሰበራል፣ ፓይለቱ ይጮኻል። በ1995 የወጣው የጃፓን አኒሜሽን "ኒዮን ጄኔሲስ ኢቫንጌሊዮን" ይህን ስላሳየ ብዙ ሰው ግዴታ ይመስለዋል።

መንስኤ፦ ሁለት የተለያዩ መስመሮች እንደ አንድ ተቆጥረዋል። ከአንጎል ፍላጎትን ማውጣት አንድ ሥራ ነው፤ ወደ አንጎል ስሜት ማስገባት ሌላ። በ2012 ይፋ በሆነ የአሜሪካ ጥናት፣ እጅና እግሯ የማይታዘዝላት ሴት አንጎሏ ላይ በተተከለ ሴንሰር የሮቦት ክንድ አዝዛ ቡናዋን ጠጥታለች። ክንዱን ብትመቱት እሷን አያማትም ነበር።

መፍትሄ፦ የመመለሻውን መስመር ቁረጡት፣ ወይም ሕመሙን ወደ ንዝረትና ድምፅ ቀይሩት። ሕመሙ ለታሪኩ ካስፈለጋችሁ ምክንያት ስጡት። ለምሳሌ ምንም የማይሰማው ፓይለት የሮቦቱን እጅ እሳት ውስጥ ረስቶ ያቀልጠዋል።

ፓይለቱ ያስመልሰዋል

ጋቢናው ጭንቅላት ላይ ነው አይደል? ከ1972ቱ የጃፓን የሮቦት ታሪክ "ማዚንገር ዜድ" ጊዜ ጀምሮ ያምራል፣ አልክድም። ግን ከ16 ሜትር ላይ መውደቅ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ በሚሄድ መኪና ግድግዳ እንደመግጨት ነው። ጋቢናውን ደረት ውስጥ አስገቡ፤ ካሜራው ጭንቅላት ላይ ይቅር። የካሜራው ምስል ከእንቅስቃሴው ከዘገየ ደግሞ ዓይንና የውስጥ ጆሮ አይስማሙም፣ ማቅለሽለሹም ከዚያ ነው።

ሪሞቱ የማን ነው?

በ1956 በጀመረው "ቴትሱጂን 28" ማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ) የሮቦቱን ሪሞት የያዘው ልጅ ነው አዛዡ፤ ሪሞቱን ሌላ ሰው ከነጠቀው ሮቦቱም የዚያ ሰው ነው። ቴሌቪዥን ያለበት ቤት ያደገ ሁሉ ችግሩን ያውቀዋል። ርቀት ሲጨመር ይብሳል። ምድር ላይ ሆናችሁ ጨረቃ ላይ ያለ ሮቦት ብታዙ ውጤቱን የምታዩት ከ2.6 ሰከንድ በኋላ ነው። መፍትሄው ያው የፈረሱ ነገር ነው፦ "በሩን ክፈት" በሉት፣ አከፋፈቱን እሱ ያስብበት።

እሱም ቢሆን ዋስትና የለውም። በ2015 ካሊፎርኒያ ፖሞና ላይ በተካሄደው የዳርፓ (የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ተቋም) ውድድር፣ ከሩቅ የሚታዘዙ የዓለም ምርጥ ሮቦቶች በርና ደረጃ ላይ እየተንገዳገዱ ወድቀዋል። ከ2020 እስከ 2024 ዮኮሃማ ላይ የቆመው፣ 18 ሜትርና 25 ቶን የሆነው፣ በጃፓን አኒሜሽን የታወቀው የጋንዳም ሮቦት ግዙፍ ቅጂም ሲንቀሳቀስ ከኋላ ወገቡን የሚይዝ የብረት ድጋፍ ነበረው። ፓይለትም አልነበረውም፤ እንቅስቃሴው አስቀድሞ የተጻፈ ነበር። የእናንተ ሮቦት ያለ ድጋፍ የሚሄድ ከሆነ፣ ጋቢናው ውስጥ ከማንሻው ሁሉ ቀድሞ እጅ የሚደርስበት አንድ ቀይ ቁልፍ ይኑር፦ "ልንወድቅ ነው፣ ተኮራመት" የሚል።