ብዙ ሴንሰር ከአንድ ዳታ ሎገር ጋር ሲያገናኙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንድ ሴንሰር ብቻውን ከዳታ ሎገር፣ ማለትም ንባቦችን በየጊዜው ከሚመዘግበው መሣሪያ ጋር ሲያያዝ ብዙም አያስቸግርም። ጣጣው የሚጀምረው የአፈር እርጥበት ሴንሰሮች፣ የዝናብ መለኪያ፣ የፀሐይ ጨረር መለኪያና የአየር ሙቀት ሴንሰር አንድ ሳጥን ውስጥ ሲገናኙ ነው። ያኔ የሚፈጠረው ስህተት ባዶ ረድፍ ሆኖ ቢታይ መልካም ነበር፤ ሰው አይቶ ይጠግነዋል። ክፉው እውነት የሚመስለው የተሳሳተ ቁጥር ነው። ክረምቱን ሙሉ ተመዝግቦ ይከርምና ዳታው ሊተነተን ሲወጣ ነው የሚጋለጠው።

አድራሻ ሳይቀይሩ በአንድ መስመር መቀጠል

ኤስዲአይ-12 በሚባለው የሴንሰርና የሎገር መግባቢያ ደረጃ የሚሠሩ ሴንሰሮች ሦስት ሽቦ አላቸው፦ 12 ቮልት፣ ግራውንድና ዳታ። ብዙዎቹ አንድ የዳታ መስመር መጋራት ይችላሉ፤ ነገር ግን አብዛኞቹ ከፋብሪካ ሲወጡ አድራሻቸው 0 ነው። አምስት ሴንሰር እንዳለ ካገናኙ ሎገሩ 0ን ሲጠራ አምስቱም እኩል ይመልሳሉ፤ መልሱም ይደባለቃል። በጥያቄ ምልክትና በቃለ አጋኖ የሚላከው «አድራሻህ ስንት ነው?» የሚለው ትእዛዝም የሚሠራው መስመሩ ላይ አንድ ሴንሰር ብቻ ሲኖር ነው።

ስለዚህ መስክ ከመውጣትዎ በፊት ጠረጴዛ ላይ አንድ በአንድ እያገናኙ ይቀይሩ። የመቀየሪያው ትእዛዝ አራት ምልክት ነው፦ የቀድሞው አድራሻ፣ ትልቁ የላቲን ፊደል ኤ፣ አዲሱ አድራሻ፣ ቃለ አጋኖ። ከዚያ ኬብሉን በሁለቱም ጫፍ ምልክት ያድርጉበት። «ሴንሰር 3» ብሎ መጻፍ በቂ አይደለም፤ «አድራሻ 3፣ ጥልቀት 40 ሴ.ሜ.» ይበሉ። በመጨረሻም ሁሉም እንደተገናኙ እያንዳንዱን ሴንሰር በየተራ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው የትኛው ዓምድ እንደዘለለ ይመልከቱ። የ20 ሴ.ሜ.ው ሲረጥብ የ60ው ዓምድ ከዘለለ ማስተካከያው ሁለት ደቂቃ ነው። ከተቀበረ በኋላ ግን ጉድጓድ መቆፈር፣ ከዚያም የተነካካው አፈር እስኪረጋ መጠበቅ ይመጣል።

ብዙ ጊዜ በአርኤስ-485 መስመር ላይ የሚሠራው ሌላው መግባቢያ፣ ሞድባስም ያው ነው። ብዙ ሴንሰሮች አድራሻ 1 ይዘው ይመጣሉ፤ የማስተላለፊያ ፍጥነቱም አንዱ 4800፣ ሌላው 9600 ሊሆን ይችላል። በአንድ መስመር ላይ ያሉ ሁሉ ፍጥነታቸውና ፓሪቲያቸው (የስህተት መፈተሻ ቢት አቀማመጣቸው) አንድ መሆን አለበት።

አርኤስ-485ን እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ መዘርጋት

ከሎገሩ ወደ እያንዳንዱ ሴንሰር የየራሱን ረጅም ኬብል መሳብ ቀላል ይመስላል፤ ምልክቱ ግን ከየጫፉ እየነጠረ ይመለስና ይበላሻል። ትክክለኛው አዘረጋግ ኬብሉ ከአንዱ ሴንሰር ወደ ቀጣዩ እየተቀጣጠለ እንዲሄድ ነው። 120 ኦም ሬዚስተር የሚገባው በመስመሩ ሁለት ጫፎች ላይ ብቻ ነው፤ በየሴንሰሩ አይደለም። ለማረጋገጥ ኃይሉን አጥፍተው በሁለቱ የዳታ ሽቦዎች፣ በኤ እና በቢ መካከል በቴስተር ይለኩ። 60 ኦም አካባቢ ካነበበ ደህና ነው። 24 ኦም ካነበበ አምስት ቦታ ሬዚስተር ገብቷል ማለት ነው።

ግራውንድን እንደ ቀላል ነገር ማየት

ብዙ ዳታ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ማጉያ የሌለው ፒራኖሜትር (የፀሐይ ጨረር መለኪያ) የሚያወጣው ምልክት እጅግ ትንሽ ነው፤ በስኩዌር ሜትር ለአንድ ዋት 10 ማይክሮቮልት ገደማ። በጠራራ ፀሐይ፣ 1000 ዋት ላይ፣ 10 ሚሊቮልት ብቻ ይሰጣል። ይህ ሴንሰር ኃይል ከሚስብ ሌላ ሴንሰር ጋር አንድ የግራውንድ ሽቦ ተጋራ እንበል። ቀጭኑ 24 ቁጥር ሽቦ በሜትር 0.084 ኦም ያህል አለው፤ ሁለት ሜትሩ 0.17 ኦም ይሆናል። ጎረቤቱ ሴንሰር 20 ሚሊአምፔር ሲመልስበት 3.4 ሚሊቮልት ይፈጠራል። ሎገሩ ደግሞ ይህን 340 ዋት ፀሐይ አድርጎ ይመዘግበዋል። ቀን ላይ ማንም አይጠረጥረውም። እኩለ ሌሊት ላይ ግን ያጋልጣል፤ በዚያ ሰዓት ንባቡ ዜሮ ወይም ከዜሮ ጥቂት ዝቅ ያለ መሆን አለበት።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛ፣ እንዲህ ያለውን ትንሽ ምልክት በዲፈረንሻል፣ ማለትም ከግራውንድ አንጻር ሳይሆን በሁለቱ የምልክት ሽቦዎች መካከል ያለውን ልዩነት ይለኩ፤ ሁለት ተርሚናል ይፈጃል፣ ግን ያዋጣል። ሁለተኛ፣ የኃይል መመለሻ ሽቦን ከምልክት ግራውንድ ጋር አንድ ተርሚናል ውስጥ አይጨምሩ፤ ሎገሮች ለሁለቱ የተለያየ ቦታ የሚሰጡት ለዚህ ነው። የኬብሉን ሺልድ (ሽቦዎቹን የሚከብበውን የብረት መከላከያ) በሎገሩ በኩል ብቻ ከግራውንድ ጋር ያስሩት። በሁለቱም ጫፍ ከታሰረ በመሬቱ የቮልቴጅ ልዩነት የተነሳ ኤሌክትሪክ በሺልዱ ላይ ይዞራል።

እግረ መንገድ፦ ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፔር የሚያወጣ ሴንሰር ላይ፣ ሎገሩ በቮልት እንዲያነበው፣ 250 ኦም ሬዚስተር ማስገባት የተለመደ ነው። የሎገሩ የመለኪያ ጣሪያ 2.5 ቮልት ከሆነ ግን ንባቡ 10 ሚሊአምፔር ላይ ይቆማል። 100 ኦም ያስገቡ፤ ከፍተኛው 2 ቮልት ይሆናል።

ጊዜና ኃይልን ለየብቻ ማስላት

ኤስዲአይ-12 ሴንሰር መለኪያ ሲታዘዝ ስንት ሴኮንድ እንደሚፈጅበት ይመልሳል። በኤም ትእዛዝ ሲለኩ ሎገሩ አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ስድስት ሴንሰር እያንዳንዱ 2 ሴኮንድ ቢፈጅ 12 ሴኮንድ ነው። ፕሮግራሙ በየ10 ሴኮንዱ እንዲለካ ከታዘዘ መዝለል ይጀምራል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚያስለካው የሲ ትእዛዝ ጊዜውን ያሳጥራል፤ ነገር ግን ሁሉም እኩል ኃይል ይስባሉ። አምስት ሴንሰር እያንዳንዱ 50 ሚሊአምፔር ቢስብ 250 ሚሊአምፔር ነው። በ40 ሜትር የ24 ቁጥር ኬብል ጫፍ፣ ደርሶ መልሱ 6.7 ኦም ስለሆነ፣ 1.7 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ፀሐይ በጠፋበት የሐምሌ ሳምንት ባትሪው ንጋት ላይ 11.5 ቮልት ቢሆን ለሴንሰሮቹ የሚደርሰው 9.8 ብቻ ነው። የኤስዲአይ-12 ደረጃ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ኃይል 9.6 ቮልት ነውና ገደሉ አፋፍ ላይ ደርሰዋል። ንጋት ንጋት ላይ ብቻ የሚጠፋ ሴንሰር ካለ አይቀይሩት፤ መጀመሪያ ኬብሉ ጫፍ ላይ ቮልቴጁን ይለኩ፣ ወይም ወፍራም ሽቦ ይሳቡ።

ሁሉንም ነገር በአማካይ መመዝገብ

ዝናብ ይደመራል እንጂ አማካይ አይወሰድለትም። የንፋስ አቅጣጫም ተራ አማካይ አይሆንለትም፤ 350 ዲግሪና 10 ዲግሪ በአማካይ 180 ይሰጣሉ፣ የሰሜን ንፋስ ደቡብ ሆኖ ተጻፈ ማለት ነው። በቬክተር አማካይ፣ ማለትም አቅጣጫውን ወደ ሰሜን-ደቡብና ምሥራቅ-ምዕራብ ክፍሎች ከፍለው ያስሉት።

ዲኤስ18ቢ20 የሙቀት ሴንሰር ኃይል እንዳገኘ ሳይለካ ከተነበበ 85 ዲግሪ ይሰጣል። 85 ብቻውን ቢጻፍ ይታወቅ ነበር። ከዘጠኝ የ20 ዲግሪ ንባቦች ጋር ሲደባለቅ ግን 26.5 ሆኖ ይወጣል፤ ማን ይጠራጠረዋል? በሙሉ ጥራት ሲለካ እስከ 750 ሚሊሴኮንድ ስለሚፈልግ ይጠብቁት፤ 85ንም ወደ አማካዩ ሳይገባ ይጣሉት።

የሰዓቱን ነገር መርሳት

ሎገሩ በዓለም አቀፍ ሰዓት፣ ላፕቶፑ በአዲስ አበባ ሰዓት፣ የተመልካቹ ደብተር ደግሞ በሀገርኛ አቆጣጠር ሊሆን ይችላል። በደብተር «3 ሰዓት» ያለው ሎገሩ ላይ 9፡00 ወይም 6፡00 ነው። በእጅ የሚነበብ የዝናብ መለኪያ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲነበብ ሎገሩ ግን ቀኑን እኩለ ሌሊት ላይ ከዘጋ፣ የሁለቱ ድምር በየቀኑ ይለያያል፤ መለኪያዎቹ ግን ጤነኛ ናቸው። ሰዓቱን የሚመሰክርልዎት ፒራኖሜትሩ ራሱ ነው። ደመና በሌለበት ቀን አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ አናት ላይ የምትሆነው እንደ ወሩ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ10 እስከ 6 ሰዓት ከ40 ባለው ጊዜ ነው። ግራፉ ጫፍ የሚደርሰው 9፡20 አካባቢ ላይ ከሆነ ሎገሩ በዓለም አቀፍ ሰዓት ነው ያለው። እንዳለ ይተዉትና በፋይሉ ራስጌ ላይ ይጻፉት፤ መሃል ላይ ከቀየሩት ሦስት ሰዓት ይጎድላል ወይም ይደገማል።