ጓሮው አበባ አለው፤ ንብና ቢራቢሮ ግን የለውም፦ ለድሬዳዋ ትንንሽ ግቢዎች ችግርና መፍትሄ

ድሬዳዋ ውስጥ ንብ ጠፋ የሚለኝ ሰው ሲያጋጥመኝ ወደ አንድ ጁስ ቤት ይዤው እሄዳለሁ። ማንጎ የነካው ብርጭቆ ሁሉ ላይ ንብ ተኮልኩሎ ያገኛል። ንቡ ከተማው ውስጥ አለ፤ የራቀው ከግቢያችን ነው። ምክንያቱም ብዙውን ጊዜ ሙቀቱ ሳይሆን የእኛው እጅ ነው፦ እንጠርጋለን፣ እንረጫለን፣ ሊሾ እናስደርጋለን፣ ቅጠሉን ሳያብብ እንቀጥፋለን። ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ሦስት በአራት ሜትር የምትሆን ጓሮ አለችኝ፤ ከዚህ በታች ያሉትን ስህተቶች አብዛኞቹን እዚያችው ላይ ሠርቻቸዋለሁ።

አበባው ሞልቷል፤ የሚያርፍበት ግን የለም

መጀመሪያ አበባው ምን እንደሆነ እዩ። ቡገንቪሊያ ከሆነ ነገሩ ግልጽ ነው። የከዚራ ሰፈርን ያስዋበው ያ ሐምራዊና ቀይ ቀለም አበባ ሳይሆን ቀለም የተቀባ ቅጠል ነው። እውነተኛው አበባ በመካከሉ ያለችው ቀጭን ነጭ ቱቦ ናት፤ ንብ አፏን ብትሰድ ወደ ታች አትደርስም። ድርብ ጽጌረዳም እንዲሁ ነው፤ የአበባ ዱቄት የሚሰጠው ክፍል ወደ ተጨማሪ ቅጠል ተለውጦ ውበቱ ብቻ ቀርቷል። በዚያ ላይ ንብ ቀይን እንደ ቀለም አታይም፤ የሚስቧት ሰማያዊ፣ ሐምራዊ፣ ቢጫና ነጭ ናቸው።

ቡገንቪሊያውን ንቀሉ አልልም፤ ከዚራን ያለ እርሱ ማሰብ አልችልም። ከሥሩ ግን በሶብላ ትከሉ። በሶብላ እንዳለን ስንናገር አብዛኞቻችን ያለን የተቀጠፈ በሶብላ ነው፤ ሊያብብ ሲል ለበርበሬና ለሽሮ እንለቅመዋለን። ከሦስት እግር አንዱን ለወጥ፣ ሁለቱን ለንብ ተዉ። በሳምንት ውስጥ ልዩነቱን ትሰማላችሁ፤ ትሰማላችሁ ያልኩት አውቄ ነው፤ ድምፁ ከማየታችሁ በፊት ይደርሳል። ለአጥር ሽፈራው፣ ለመደብ ድንብላልና ሱፍ ጨምሩ። ረጅም ምንቃር ላላቸው አበባ ቀሳሚ ወፎች ደግሞ እሬት ይበቃል፤ ቀይ ቱቦ አበባው ለእነርሱ የተሰፋ ይመስላል። አንዱን ዓይነት አንድ ቦታ ሰብሰብ አድርጋችሁ ትከሉት፤ ንብ በአንድ ጉዞዋ አንድ ዓይነት አበባ ላይ መሥራት ትወዳለችና እዚህም እዚያም የተበተነ አንድ አንድ እግር አይስባትም።

አበባው ትክክል ሆኖ በግንቦትና በሰኔ ብቻ ጓሮው ጭር የሚል ከሆነ፣ የወቅት ክፍተት ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የበልጉ ዝናብ ካበቃ በኋላ ክረምቱ እስኪገባ ድረስ ያለው ጊዜ ይጠብሳል። ለእነዚህ ሁለት ወራት አራት አምስት የበሶብላ ማሰሮ በጥላ ሥር አቆዩ፤ አትክልት ያጠባችሁበት ውኃ ይበቃቸዋል። ሳሙና የነካውን ግን አትስጡ።

የወፍ ቆሎ የሚባለው ቁጥቋጦ (ላንታና) ቢራቢሮ ይስባል ብላችሁ ለመትከል ካሰባችሁ፣ እባካችሁ ተዉት። ቢራቢሮው ይመጣል፤ ነገር ግን ፍሬውን ወፎች በልተው ዘሩን በየግጦሹ ይበትኑታል፤ እሾሃሙ ቁጥቋጦም የአርብቶ አደሩን መሬት ይወርራል።

ዱባው ያብባል፤ ፍሬው ግን ቢጫ ሆኖ ይረግፋል

ዱባ በመጀመሪያው ሳምንት የሚያወጣው ወንዴ አበባ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ እርሱ ቢረግፍ አትደንግጡ። ሴቴዋ ከአበባው ሥር ትንሽ ዱባ ይዛ ትወጣለች። ያቺ ትንሽ ዱባ ጠውልጋ ከወደቀች የአበባ ዱቄት አልደረሳትም ማለት ነው። የዱባ አበባ ጎህ ሲቀድ ይከፈታል፣ በእኛ ሙቀት እኩለ ቀን ሳይደርስ ይጨማደዳል። ስለዚህ ንቧ መምጣት ያለባት በማለዳ ነው፤ እናንተ ደግሞ በማለዳ ተባይ ማጥፊያ ከረጫችሁ ራሳችሁን በራሳችሁ አስራባችሁ።

ንቡ እስኪለምድ ድረስ ሥራውን በእጃችሁ ሥሩ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት ወንዴውን አበባ ቁረጡ፣ ቢጫውን ቅጠል ላጡ፣ መካከሉን የሴቴዋን መካከል አስነኩት። ያስቃል፤ ግን ይሠራል።

ንቦች ቧንቧውን ወረውታል፣ በርሜሉ ውስጥም ሞተው ይገኛሉ

ይህ ችግር ብዙ ሰው ንብ እንዲጠላ ያደረገ ነው። ንብ በበጋ ውኃ የምትቀዳው ለመጠጥ ብቻ አይደለም፤ ቀፎው ውስጥ ትቀባውና በክንፏ እያራገበች ቤቷን ታቀዘቅዝበታለች። ዋና ስለማትችልና በርሜሉ ማረፊያ ስለሌለው ትሰምጣለች።

ጠርዙ የተሸረፈ የሸክላ ምጣድ ፈልጉ፤ በየቤቱ አንድ አይጠፋም። ጠጠር ሙሉበትና ጠጠሩ ጫፉ ብቻ እስኪታይ ውኃ አፍስሱ። ከበራችሁ ራቅ፣ ከአበባው ቀረብ አድርጉት። ለመጀመሪያው ቀን ትንሽ ስኳር ጣል አድርጉበት፤ አንዴ ከለመዱት በኋላ ስኳሩ አያስፈልግም። በርሜሉን በወንፊት ጨርቅ ሸፍኑ። ሙቀቱ ከመበርታቱ በፊት ጀምሩ፤ ቧንቧውን ከለመዱ በኋላ ማስለቀቅ አስቸጋሪ ነው።

እዚህ ላይ ግን ለድሬዳዋ ሰው ሳልናገር የማላልፈው ጉዳይ አለ። ይህች ከተማ በ2006 ዓ.ም. ደንጊን፣ በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ቺኩንጉንያን አይታለች፤ ሁለቱም በትንኝ የሚተላለፉ በሽታዎች ናቸው። በ2014 ዓ.ም. የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ደግሞ ከእስያ ከመጣችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ ከምትባለው ትንኝ ጋር የተያያዘ ነበር፤ እርሷም በከተማ ውስጥ በውኃ ማጠራቀሚያ ትራባለች። ስለዚህ ለንብ ብላችሁ የትንኝ ማርቢያ እንዳትሠሩ። የምጣዱን ውኃ በየቀኑ ድፉት፤ በሁለት ቀን አንዴ ጠጠሩንና ግድግዳውን በብሩሽ ፈትጉ። የደንጊዋ ትንኝ እንቁላሏን የምትለጥፈው ውኃው ጠርዝ ላይ ነው፣ ቢደርቅም አይሞትም፤ መድፋት ብቻውን የማይበቃው ለዚህ ነው። ይህን በየቀኑ ለማድረግ የማይመቸው ሰው ምጣዱን ባያስቀምጥ ይሻላል። በግድግዳው ላይ የምትሮጠውን እንሽላሊት ደግሞ በመጥረጊያ አታባርሩ፤ ትንኝ የምትለቅመው እርሷ ናት።

የሎሚ ችግኙን ትል ፈጀው

ባለፈው ዓመት አንዲት ጎረቤቴ በአጥር በኩል ጠሩኝ። «ልጄ፣ ሎሚዬ ላይ ወፍ ኩሷን ጥላለች መሰለኝ፤ ግን ይንቀሳቀሳል!» ሄጄ አየሁ። የወፍ ኩስ የሚመስሉት ትንንሽ ትሎች ነበሩ፤ ከጎናቸው ያደገ አንድ አረንጓዴ ትል አለ። በእንጨት ነካ ሳደርገው ከጭንቅላቱ ኋላ ብርቱካናማ ቀንድ አውጥቶ ሸተተ።

«እትዬ፣ ይህ እኮ ያ ጥቁሩ፣ ቢጫ ነቁጥ ያለበት ትልቁ ቢራቢሮ ነው» አልኳቸው።

«ቢራቢሮውን ወድጄዋለሁ፤ ሎሚዬን ግን አልሰጥም» አሉኝ። ትክክል ናቸው። ትልቅ ዛፍ አሥርና አሥራ አምስት ትል ቢመግብ ምንም አይሆንም፤ ጉልበት ያልያዘ ችግኝ ግን ራቁቱን ይቀራል። ትሎቹን ከነቅጠላቸው ቆርጠን እኔ ግቢ ወዳለው ትልቅ ሎሚ አዛወርናቸው፤ የእርሳቸውን ችግኝ በነጭ ሻሽ ሸፈንነው። ቢራቢሮ የፈለገ ሰው የተበላ ቅጠል ማየት መቻል አለበት፤ ያለ ትል ቢራቢሮ የለም።

በደቻቱ ወንዝ አሸዋ ዳር የሚበቅለው፣ ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያፈሰው ጦቢያው ላይ ግን ማንም አይቆጣም። ብርቱካናማ ክንፉ ጫፉ ላይ ጥቁርና ነጭ የሆነው ቢራቢሮ ልጆቹን የሚያሳድገው እዚያ ነው። ወተቱ ዓይን ይጎዳልና ሕፃናት ባሉበት ግቢ አትትከሉት፤ ከአጥር ውጭ የበቀለውን ግን አትቁረጡት።

ሁሉም ነበረ፤ በአንድ ሳምንት ጠፋ

ማን ረጨ? መጀመሪያ ራሳችሁን ጠይቁ፣ ቀጥሎ ጎረቤትን። ማላታይን የሚባለው ተባይ ማጥፊያ ክሽክሹን (የቅጠል ጭማቂ የሚመጡትን ጥቃቅን ተባዮች) ብቻ መርጦ አይገድልም። ክሽክሽ ካለ በውኃ ጉልበት እጠቡት። ካልበቃ የተላጠ የኒም ፍሬ ወቅጣችሁ 50 ግራሙን በአንድ ሊትር ውኃ አሳድሩ፣ አጥሉት፣ ጥቂት ሳሙና ጨምሩና ፀሐይ ከገባች በኋላ ቅጠሉ ላይ ብቻ ርጩ። አበባ ላይም ሆነ ትል ያለበት ሎሚ ላይ አይሁን።

ሊሾው ሁሉን ሸፍኖታል

ብቻቸውን የሚኖሩ ብዙ ንቦች ቤታቸውን የሚቆፍሩት መሬት ውስጥ ነው። ፀሐይ የሚያገኘውን አንድ ክንድ ያህል ጥግ አፈር ሆኖ ይቅር፤ አትቆፍሩት፣ አታጠጡት። አንድ ጫፉ የተደፈነ ሸምበቆ በስንዝር እየቆረጣችሁ እስር አድርጋችሁ ከዝናብ በተጠለለ ግድግዳ ላይ ብትሰቅሉም ተከራይ አያጣም።

የንብ መንጋ ዛፉ ላይ አረፈ

ጭስ፣ ድንጋይ፣ ውኃ፣ ምንም አታድርጉ። ልጆችንና የታሰረውን ውሻ አስገቡ። መንጋው ቤት ፍለጋ ላይ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ተነሥቶ ይሄዳል። ወደ ጣሪያ ወይም ወደ ቆጣሪ ሳጥን ከገባ ግን ሰፈራ ጀምሯልና ሰም ሳይሠራ ንብ አናቢ ጥሩ፤ ሥራው ሲመሽ ይሠራል። ከወጡ በኋላ ሰሙን ፍቃችሁ አውጡና ቀዳዳውን በሲሚንቶ ድፈኑት፤ የሰሙ ሽታ ከቀረ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ መንጋ ያንኑ ቀዳዳ ያንኳኳል።