የፈረንጅ ገናን በጆሮና በመድረክ፦ የእንግሊዝኛ የገና ታሪክ እንዴት ይደመጣል? ቴአትሩስ እንዴት ይታያል?

ቪየና ውስጥ ዲሴምበር 24 ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ሱቁ ሁሉ ይዘጋል። ትራሙ ባዶውን ይመላለሳል። የሥራ ባልደረቦቼ ከየቤተሰባቸው ጋር ዛፍ ሥር ተሰብስበዋል። አገር ቤት ደውዬ እንዳልጫወት፣ እዚያ ቀኑ ታኅሣሥ 15 ነው። ሰው ሥራ ላይ ነው፤ ጾሙም አልተፈታም። ይህን ቀን ለዓመታት ያሳለፍኩት ተኝቼ ነው። አሁን ግን ሬዲዮ ከፍቼ ነው የማሳልፈው፤ በዚያው ሰሞን አንድ ቴአትርም አያለሁ። ሁለቱም በእንግሊዝኛ ነው። ጀርመንኛው ገና አፌ ላይ አልለሰለሰም፤ በእንግሊዝኛ ግን ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ተምረንበታል።

እናንተም ፍራንክፈርት ሁኑ ስቶክሆልም ወይም ዱባይ፣ መንገዱ ያው ነው።

መጨረሻውን አስቀድማችሁ እወቁ

መጀመሪያ የእንግሊዝኛ ቴአትር ያየሁ ጊዜ ዝም ብዬ ነው የገባሁት። ሰው ሲስቅ እኔ ከአንድ ሰከንድ በኋላ እከተላለሁ። ዕረፍት ላይ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ «እንዴት አገኘኸው?» ሲሉኝ «በጣም ጥሩ ነው» አልኩ። ማን የማን ባል እንደሆነ እንኳ አልገባኝም ነበር።

ጥፋቱ የእንግሊዝኛዬ መስሎኝ ነበር። ኋላ ላይ ነው የነቃሁት። የገና ታሪክ የሚሰማ ፈረንጅ መጨረሻውን ያውቀዋል። ከልጅነቱ ጀምሮ በየዓመቱ ሰምቶታል። የሚያደምጠው ምን ሆነ ብሎ አይደለም፤ ዘንድሮ እንዴት ይተርኩት ይሆን ብሎ ነው። እኛስ? ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የተረከውን ዛሬም ከፍቶ የሚሰማው ሰው፣ በዛብህ ምን እንደሚሆን አጥቶት ነው? ድምፁን ብሎ ነው እንጂ።

ስለዚህ ታሪኩን ቀድሞ ማወቅ ማጭበርበር አይደለም። እንዲያውም መጀመር ያለባችሁ ከዚያ ነው።

አንድ ታሪክ ምረጡና በአምስት ማታ ጨርሱት

ለመጀመሪያ ዓመት የቻርልስ ዲክንስን «ኤ ክሪስማስ ካሮል» ምረጡ። መጽሐፉ የወጣው ዲሴምበር 19፣ 1843 ነው። ታሪኩ ቀላል ነው። ስክሩጅ የሚባል ገብጋባ ነጋዴ አለ። በገና ዋዜማ የሞተው ሸሪኩ መንፈስ ይመጣበታል። ከዚያ ያለፈው፣ የአሁኑና የሚመጣው ገና መናፍስት በየተራ እየመጡ ሕይወቱን ያሳዩታል። ሲነጋ ሌላ ሰው ሆኗል። በቃ ይኸው ነው። ፈረንጆች ቋጣሪን ሰው «ስክሩጅ» የሚሉት ከዚህ መጽሐፍ በኋላ ነው።

የቅጂ መብቱ ስላበቃ ጽሑፉን ፕሮጀክት ጉተንበርግ ላይ በነጻ ታገኙታላችሁ። ድምፁን ደግሞ ሊብሪቮክስ የሚባለው፣ በጎ ፈቃደኞች የሚያነቡበት ድረ ገጽ ላይ አለ። እዚያ የተለያዩ ሰዎች አንብበውታል። ሁሉም ጥሩ አይደሉም። የእያንዳንዱን አምስት ደቂቃ ሰምታችሁ ጆሯችሁ የወደደውን ያዙ።

መጽሐፉ አምስት ምዕራፍ ነው። ዲክንስ ምዕራፎቹን «ስቴቭ» ብሎ በመዝሙር ስም ነው የጠራቸው፤ መጽሐፉን ራሱን የገና መዝሙር ብሎታልና። ጠቅላላው ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ዲሴምበር 20 ማታ ብትጀምሩና በየማታው አንድ ምዕራፍ ብትሰሙ 24 ላይ ታልቃለች። እኔ የምዕራፉን መጀመሪያ አንድ ሁለት ገጽ አነብና መብራት አጥፍቼ አዳምጣለሁ። ያልገባኝ ቃል ሲመጣ አላቆምም። በየቃሉ እያቆሙ መዝገበ ቃላት የሚገልጡ ሰዎች ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ሲተዉት አይቻለሁ። በማግስቱ ግን ሦስት ቃል ብቻ መርጣችሁ ፈልጉ።

አንዳንዱን ቀልድ ቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። የስክሩጅ ጸሐፊ ቦብ ክራቺት ደመወዙ በሳምንት 15 ሽልንግ ነው። የእንግሊዝ ሰው ሽልንግን «ቦብ» ይለዋል። ስለዚህ ዲክንስ፣ ሰውየው በየቅዳሜው የራሱን ስም 15 ጊዜ ኪሱ ይከታል እያለ ይቀልዳል። እኔ ደግሞ ሽልንግ ማለት ሃምሳ ሳንቲም ነው ብዬ ያደግሁ ስለሆንኩ በልቤ ሰባት ብር ከሃምሳ ብዬ አስልቼ ነበር። በጣም አዘንኩለት።

ሦስት ሰዓት የለኝም የምትሉ ደግሞ የ1939ኙን የአሜሪካ ሬዲዮ ድራማ ፈልጉ። ላዮኔል ባሪሞር ስክሩጅን ሆኖ፣ ኦርሰን ዌልስ ይተርክበታል። አንድ ሰዓት ያህል ነው። ባሪሞር ከ1934 ጀምሮ ለ20 ዓመት ገደማ፣ በየገናው ማለት ይቻላል፣ ስክሩጅን በሬዲዮ ተጫውቷል። ቅጂው ያረጀ ነው፣ ይንጫጫል። እኔ ግን መንጫጫቱን ራሱ ወድጄዋለሁ፤ የድሮውን የቤታችንን ሬዲዮ ያስታውሰኛል።

ዲሴምበር 24 ከቀኑ 10 ሰዓት፦ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ይዛችሁ ተቀመጡ

ከሁሉም የምወደው ይህን ነው። ካምብሪጅ ውስጥ ኪንግስ ኮሌጅ የሚባል አለ። ጸሎት ቤቱ ውስጥ በየዓመቱ በገና ዋዜማ ዘጠኝ ንባብና መዝሙር ይቀርባል። የተጀመረው በ1918 ነው፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት ባለቀ በሳምንታት ውስጥ። ቢቢሲ በሬዲዮ ማስተላለፍ የጀመረው ደግሞ በ1928 ነው። በእንግሊዝ ሰዓት ከቀኑ 9 ላይ በቀጥታ ይተላለፋል። ቪየናና ፍራንክፈርት 10 ሰዓት ማለት ነው፣ ልክ ሲመሻሽ። አዲስ አበባ ያለ ሰው አብሯችሁ ልስማ ካለ ምሽት 12 ሰዓት ላይ ይክፈት።

«ቢቢሲ ሳውንድስ» የሚባለው መተግበሪያ በ2025 ከእንግሊዝ ውጭ ላለ ሰው ተዘግቷል። ስለዚህ በእሱ አትልፉ። ሬዲዮ 4ን ወይም የዓለም አገልግሎቱን በቢቢሲ ዋና ድረ ገጽ ክፈቱ።

ለኛ ለምን ይቀላል? ንባቡን እናውቀዋለን። አዳም ከተሸሸገበት ከዘፍጥረት 3 ይጀምራል፤ በኢሳይያስ፣ በሉቃስና በማቴዎስ አልፎ በዮሐንስ ወንጌል «በመጀመሪያው ቃል ነበረ» ላይ ያልቃል። የአማርኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ከፍታችሁ በጣታችሁ ተከተሉ። የድሮውን የእንግሊዝኛ ትርጉም ነው የሚያነቡት፤ ግን ምን እንደሚሉ ስለምታውቁ አይከብዳችሁም። የመጀመሪያውን ንባብ የሚያነበው ከመዘምራኑ አንድ ልጅ ነው፣ የመጨረሻውን የኮሌጁ አለቃ። በመካከላቸው ዕድሜውም ድምፁም የተለያየ ሰው ይነሳል። ዘጠኝ ሰው፣ ዘጠኝ አነጋገር። ለጆሮ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም። የፕሮግራሙን ቅደም ተከተል ኮሌጁ በድረ ገጹ ያወጣዋል፣ አውርዳችሁ አስቀምጡ።

በሰዓቱ ክፈቱ፣ አንድ ደቂቃ አታሳልፉ። ፕሮግራሙ የሚጀምረው አንድ ልጅ ያለ ምንም መሣሪያ ብቻውን ሲዘምር ነው። ማን እንደሚዘምር ልጆቹ አስቀድመው አያውቁም። መሪያቸው ስርጭቱ ሊጀምር ሲል ነው ለአንዱ የሚጠቁመው። ልጁ ለመፍራት እንኳ ጊዜ የለውም። የዚያን ድምፅ የመጀመሪያ ቃል የሰማችሁ ዓመት፣ በሚቀጥለው ዓመት ራሳችሁ ሰዓት ትሞላላችሁ።

ብቻችሁን ከሆናችሁ አንድ አጭር ታሪክ

የካናዳው ሲቢሲ ሬዲዮ በገና ሰሞን «ዘ ሼፐርድ» የተባለውን የፍሬድሪክ ፎርሳይትን ታሪክ ያሰማል። አለን ሜትላንድ ያነበበው ነው፣ ከ1979 ጀምሮ ያው ንባብ በየዓመቱ ይመለሳል። በ1957 የገና ዋዜማ አንድ ወጣት የእንግሊዝ አየር ኃይል አብራሪ ከጀርመን ወደ አገሩ ለመግባት ይነሳል። ሰማይ ላይ መሣሪያው ይበላሽበታል። ከዚህ በላይ አልነግራችሁም። መጨረሻውን እወቁ ያልኩት እዚህ ላይ አይሠራም። ቋንቋው ቀላል ነው። ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው።

የዌልሱን ገጣሚ የዲላን ቶማስን የልጅነት ገና ብዙ ሰው ይመክራል። በጣም ያምራል፤ ግን ቃሉ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ለሁለተኛ ዓመት አቆዩት።

ቴአትሩ፦ ኖቬምበር ላይ ጀምሩ

ቪየና ውስጥ 8ኛው ወረዳ፣ ዮሴፍስጋሰ 12 «ቪየናስ ኢንግሊሽ ቲያትር» አለ። በ1963 ተዋናይቷ ሩት ብሪንክማንና አዘጋጁ ፍራንዝ ሻፍራኔክ የመሠረቱት ነው። መጀመሪያ የታሰበው ለበጋ ቱሪስት ነበር። ሃምቡርግ ያለውን በ1976 ሁለት አሜሪካውያን አቋቋሙት። በርሊን ያለው ደግሞ በ1990 ሲከፈት ስሙ «የጣሊያን ኦፔራ ወዳጆች» ነበር። ኦፔራ ልሰማ ብሎ የገባ ሰው ስንት ይሆን?

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ዲሴምበር ስለሆነ ብቻ የገና ቴአትር ይታያል ማለት አይደለም። እንዲህ ያሉት ባለሙያ ቴአትር ቤቶች ብዙ ጊዜ ኮሜዲ ወይም ገዳዩ ማነው የሚል ድራማ ያሳያሉ። የገናውን ጨዋታ ፍለጋ ወደ አማተር ቡድኖች ሂዱ። የትምህርት ቤት ወይም የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተከራይተው ነው የሚሠሩት። ማስታወቂያቸውን የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ሰሌዳ ላይ ፈልጉ፤ ቪየና 3ኛው ወረዳ ውስጥ አንድ አለ። የእንግሊዝኛ መጻሕፍት መሸጫም ይለጠፋል።

ቲኬቱን በኖቬምበር ቁረጡ። ተማሪ ከሆናችሁ ወይም ልጅ ካላችሁ ቅናሽ ጠይቁ፣ ማፈር የለም። ከፊት ካሉት ረድፎች ያዙ፤ የተዋናዩን ከንፈር ማየት የጆሮን ሥራ ግማሽ ያቀልላል። ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ማጠቃለያውን አንብቡ፤ ማን የማን ባል እንደሆነ ወረቀት ላይ ጻፉ። ካፖርት ማስቀመጫ ለልብስ ስለሚያስከፍል ሳንቲም ያዙ። አርፍዶ የመጣ ሰው አንዳንዴ እስከ ዕረፍት ድረስ ውጭ ይቆያል፣ ስለዚህ «መጣሁ መጣሁ» አይሠራም። ዲሴምበር 24 ማታማ አብዛኛው ዝግ ነው፤ ያን ማታ ለሬዲዮው ተዉለት።

«ፓንቶ» ካጋጠማችሁ ዝም አትበሉ

ፓንቶ የእንግሊዞች የገና ሰሞን ጨዋታ ነው። ስሙ ፓንቶማይም ቢሆንም ዝምታ የሚባል ነገር የለበትም። ሲንደሬላን ወይም አላዲንን ይዘው በዘፈንና በቀልድ ያምሱታል። ወፍራሟን እናት የሚጫወተው ወንድ ነው፣ ጢሙ እየታየ ቀሚስ ለብሶ። ክፉው ሰው ሲገባ ሕዝቡ «ቡ!» ይላል። ክፉው ከጀርባ ሲመጣ አዳራሹ በሙሉ «ከኋላህ ነው!» ብሎ ይጮኻል። ተዋናዩ «አይደለም» ሲል ሕዝቡ «ነው!» ይላል፣ እሱ ደግሞ «አይደለም!»

የመጀመሪያ ቀን ደነገጥኩ። እነዚህ አውቶቡስ ውስጥ ቃል የማይተነፍሱ ሰዎች ናቸው? ከዚያ አዝማሪ ቤት ትዝ አለኝ። ግጥም ወርውረህ አዝማሪው «ተቀበል» ሲባል እንደሚቀበልህ ሁሉ፣ እዚህም ያለ ተመልካች ጨዋታው አይቆምም። ስለዚህ ጩኹ። እንግሊዝኛችሁ ተሰበረ አልተሰበረ ማንም አይሰማም። ልጆች ካሏችሁ ይዛችኋቸው ሂዱ፤ ረብሻ የሚፈቀድበት ቴአትር ይህ ብቻ ነው።

አማተር ቡድን ደግሞ ሁልጊዜ ሰው ይጎድለዋል። ልብስ የሚሰፋ፣ መብራት የሚይዝ፣ በር ላይ ቲኬት የሚቆርጥ። ተዋናይ ባትሆኑም «ላግዛችሁ?» በሏቸው። ልምምዱን በነጻ ታያላችሁ፤ ታሪኩንም በግድ ትሸመድዱታላችሁ።

ለኛ ገና ደግሞ ድገሙት

ዲሴምበር 26 ካለፈ በኋላ የሰው ዛፍ መንገድ ላይ መጣል ይጀምራል። ለኛ ግን ገና አልመጣም። ኦስትሪያ ውስጥ ጃንዋሪ 6 የሕዝብ በዓል ነው፣ ሥራ የለም። የኛ ዋዜማ ማለት ነው። እኔ የአብራሪውን ታሪክ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤት ውስጥ እንደገና እከፍተዋለሁ። ግማሽ ሰዓቱ ለዶሮው የሚሆነውን ሽንኩርት ለመክተፍ ይበቃል። ማታ ቤተ ክርስቲያን አድሬ ስመለስ የሚቀረኝ ማሞቅ ብቻ ነው።