በስፖርት፣ በጤና፣ በሥዕልና በቴክኖሎጂ ትምህርት ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ጎንደር ውስጥ ወላጅ ልጁን «ዛሬ ምን ተማርክ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚፈልገው የሒሳቡንና የእንግሊዝኛውን ወሬ ነው። ስፖርቱን፣ ሥዕሉን፣ የጤና ትምህርቱን ጉዳዬ ብሎ የሚጠይቅ እምብዛም የለም። መምህሩም የዚሁ ከተማ ልጅ ነውና ይህንኑ አስተሳሰብ ይዞ ክፍል ይገባል። ብዙዎቹ ስህተቶች የሚመጡት ከዚህ ነው። ደስ የሚለው ግን አብዛኞቹን ለማረም በጀት አያስፈልግም። የምጽፈው ለአንደኛ ደረጃ መምህራን ነው። ወላጅም ቢያነበው እወዳለሁ።

ክፍለ ጊዜውን ለሒሳብ ማበደር

ፈተና ሲቃረብ መጀመሪያ የሚሰረዘው ስፖርት ነው። የሒሳብ መምህሩ «ምዕራፉን አልጨረስኩም፣ ዛሬን ስጠኝ» ይላል። ይሰጠዋል። ያ ክፍለ ጊዜ ተመልሶ አይመጣም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ልብ የሚያስመታ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። በሳምንት ያሉን ጥቂት ክፍለ ጊዜዎች ይህን አይሞሉም። እነሱንም ከወሰድንባቸው ምን ይቀራቸዋል? ብዙዎቹ ቤት ሲደርሱ የሚጠብቃቸው ጠባብ የኪራይ ግቢ ነው። «ኳሳችሁን ወዲያ!» የሚል አከራይም አይጠፋም።

አንድ ኳስ ለስልሳ ልጅ

«ውጡና ተጫወቱ» ብሎ ጥላ ሥር መቀመጥ ማስተማር አይደለም። ኳሷን የሚነኳት ስምንት አሥር ጎበዞች ናቸው። የቀሩት ዳር ቆመው ያያሉ። ሴቶቹ ግድግዳ ተደግፈው ያወራሉ። ደወል ሲደወል ሁሉም ስፖርት እንደሠራ ሆኖ ይገባል።

ሜዳውን አከፋፍሉት። አንዱ ጥግ ገመድ ዝላይ ይሁን፣ ሌላው ጥግ ሰኞ ማክሰኞ። አንዱ ጋ በጨርቅ ኳስ መወርወርና መቅለብ፣ መሃል ላይ ሌባና ፖሊስ። በየሰባት ስምንት ደቂቃው ፊሽካ ሲነፋ ቦታ ይቀያየራሉ። ሰኞ ማክሰኞን እንዳትንቋት። በአንድ እግር መዝለል፣ ሚዛን መጠበቅ፣ ጠጠር አነጣጥሮ መጣል ሁሉም እሷ ውስጥ አለ። የምትፈልገው ቁራጭ ጠመኔ ነው። ለማሟሟቂያ ደግሞ እስክስታ አለላችሁ። ትከሻና አንገት ሲፍታታ ልጆቹም አብረው ይፍታታሉ፣ ዓይን አፋሩም ይስቃል።

ቡድን ስትከፍሉ ሁለት አምበል አቁማችሁ «እኔ እከሌን፣ እኔ እከሌን» እያሉ እንዲመርጡ አታድርጉ። መጨረሻ ላይ የሚቀረው ሁልጊዜ ያው ልጅ ነው። ሰውነቱ የከበደው፣ ዓይኑ የደከመው፣ ወይ ከገጠር በቅርብ የመጣው። በቁጥር ወይም በተወለዱበት ወር ክፈሏቸው።

ሩጫን ቅጣት ማድረግ

ለእኔ ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ያረፈደ ሜዳውን አምስት ጊዜ ይዞራል። የረበሸ ቁጭ ብድግ ይሠራል። ሐሙስ ስፖርት ላይ ደግሞ ያንኑ ልጅ «ሩጫ ለጤና ጥሩ ነው» እንለዋለን። የትኛውን ይመን? ከተማችን ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ቁርስ ሳይበላ የመጣ ልጅ በዚህ ላይ በቅጣት ሲሮጥ ራሱን ሊስት ይችላል። ያረፈደ ልጅ ለምን እንዳረፈደ ይጠየቅ። ብዙ ጊዜ ውሃ ሲቀዳ ወይም ታናሹን ሲያደርስ ነው።

ጤናን በጠመኔ ብቻ ማስተማር

«እጅ የምንታጠብባቸው ጊዜያት» ተብሎ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። ይገለበጣል፣ ይፈተናል፣ ይደፈናል። ልጁ ከሽንት ቤት ሲወጣ የሚታጠብበት ውሃ የለም።

ነገሩ የዋዛ አይደለም። የአማራ ክልል ትራኮማ የተባለው የዓይን በሽታ በዓለም በብዛት ከሚታይባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። በሽታው ከልጅ ወደ ልጅ የሚዛመተው በእጅ፣ በፎጣና በነጠላ ጫፍ፣ ዓይን ላይ በሚያርፍ ዝንብም ነው። ተደጋግሞ የያዘው ሰው የዐይኑ ቆብ ውስጡ ጠባሳ ይይዝበታል። ካደገ በኋላ የቆቡ ፀጉር ወደ ውስጥ ይታጠፍና ዓይኑን እየፋቀ ያሳውረዋል። በዘመቻ የሚታደለው አዚትሮማይሲን የተባለው መድኃኒት ኢንፌክሽኑን ያጠፋል። ፊቱን የማይታጠብ ልጅ ግን እንደገና ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልጅ የጤና ትምህርቱን ጠዋት ፊቱን በመታጠብ ይጀምር።

ቧንቧ የለንም ለምትሉ መላ አለ። ባለ 5 ሊትር ጄሪካን ውሰዱ። ምስማር በእሳት አግላችሁ ከእጀታው በተቃራኒ ባለው ጎን፣ ከክዳኑ ከአንድ ጋት ትንሽ ዝቅ ብላችሁ፣ አንዲት ቀዳዳ ብሱ። ሁለት ባላ ትከሉ። አግዳሚ እንጨት አጋድማችሁ ጄሪካኑን በእጀታው አንጠልጥሉበት። ክዳኑንም በሱትና ገመድ አስገብታችሁ ከውስጥ ቋጥሩት። የገመዱን ሌላ ጫፍ መሬት ላይ ካለ ዱላ ጋር እሰሩት። ልጁ ዱላውን ሲረግጥ ጄሪካኑ ያዘነብልና ውሃው ይወርዳል። እግሩን ሲያነሳ ይቆማል። እጁ ጄሪካኑን አይነካም። ሳሙናውን አሮጌ ካልሲ ውስጥ አድርጋችሁ ከጎኑ አንጠልጥሉት። ከሥር ጠጠር አፍሱ፣ አለበለዚያ ጭቃ ይሆናል።

ይህን ልጆቹ ራሳቸው ይሥሩት፣ ከአምስተኛ ክፍል በላይ ያሉት ይችላሉ። ቀዳዳው ሰፋ ሲል አንድ ጄሪካን ስንት ልጅ ያስታጥባል? ጠበብ ሲልስ? ይቁጠሩ። በአንድ ሥራ ጤናም፣ ቴክኖሎጂም፣ ሒሳብም ተማሩ።

ጎንደር ደግሞ በዚህ ነገር ሌላ ዕድል አላት። እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የጤና ኮሌጅ፣ የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ያሠለጠነው እዚሁ ነው። የጤና ተማሪዎች በየቀኑ በትምህርት ቤታችን በር ያልፋሉ። ጋብዟቸው። በተለይ ስለ ወር አበባ የሚነግራቸው ሰው ለከፍተኛ ክፍል ሴት ተማሪዎች ያስፈልጋቸዋል። ወንዶቹም ይስሙት፣ ማሾፉ የሚቀንሰው ያን ጊዜ ነው። በዚያው ሳምንት ስፖርት አልሠራም ያለችውን ልጅ በሰው ፊት «ለምን?» አትበሏት።

ሥዕልን መገልበጥ ማድረግ

መምህሩ ሰሌዳ ላይ ቤት ይሥላል። ባለ ሦስት ማዕዘን ጣሪያ፣ ሁለት መስኮት፣ አንድ ዛፍ። ስልሳ ልጅ ስልሳ ያንኑ ቤት ይሥላል። የሚኖርበትን ቤት የሣለ ልጅ ግን የለም።

የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ባለበት ከተማ ውስጥ ሆነን ይህን ማድረግ ያሳዝናል። ጣሪያው ሙሉ በክንፋም መላእክት ፊት የተሞላ ነው። ልጆቹን ውሰዷቸውና ወደ ላይ ያንጋጡ። ጥያቄ ስጧቸው፦ ብሌናቸው ወዴት ያያል? ፍጹም አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ፊቶች ታገኛላችሁ? ቅንድቡ በስንት መስመር ነው የተሠራው? ከዚያ ትምህርት ቤት ተመልሰው የጓደኛቸውን ፊት ይሣሉ። የሌላ እምነት ልጆች ካሉ፣ አሉም፣ የፋሲል ግንብ ለሁሉም ይበቃል። ጥግ ጥጉ ላይ ያሉት ክብ ማማዎች፣ ቅስት በሮቹ፣ ደረጃው። ቀለም የለም ማለትም ምክንያት አይሆንም። ከሰል ጥቁር ነው፣ እርድ ቢጫ፣ ቀይ አፈር በውሃ ተበጥብጦ ቀይ። ጭቃም አለ፣ የወለቃ ሸክላ የሚሠራው ከከተማው ጥግ ነው።

ሸክላን ካነሳን አንድ ነገር ልበል። ሸክላና ብረት ሠሪዎች በአገራችን ለረጅም ዘመን ተንቀዋል፣ ክፉ ስምም ወጥቶላቸዋል። ያ ስም ዛሬም በልጆች አፍ ይሰማል። ሲሰማ መምህሩ ዝም ካለ አጽድቆታል። ሸክላ የምትሠራ እናት ክፍል ተጠርታ፣ በክብር ወንበር ተሰጥቷት፣ እንዴት እንደምታድቦለብል ብታሳይ ልጆቹ የማይረሱት ትምህርት ይሆናል። ለድካሟም ይከፈላት።

ቴክኖሎጂ ማለት ኮምፒውተር ብቻ ነው ማለት

ኮምፒውተሮቹ ጨርቅ ለብሰው ክፍል ይቆለፍባቸዋል፣ ቁልፉ ከርዕሰ መምህሩ ጋር ነው። ልጆቹ የኪቦርድ ክፍሎችን በቃል ያጠናሉ። ካሉ ክፈቱላቸው፣ ይንኳቸው። ከሌሉ ወይም መብራት ከጠፋ ደግሞ ትምህርቱ አይቆምም።

ከትምህርት ቤት መልስ ሰፈር ውስጥ የሽቦ መኪና የሚነዱ ልጆችን አስተውሉ። ጎማው ከአሮጌ በረባሶ የተቆረጠ ነው። ረጅሙ የሽቦ መሪ ሲዞር የፊት ጎማው አብሮ ይዞራል። ይህን ያስተማራቸው የለም። መኪናዋን ክፍል ይዘው ይምጡና ይጠየቁ። መሪው እንቅስቃሴውን ወደ ጎማው እንዴት አደረሰ? ጎማው ሲተልቅ ምን ይለወጣል? ዳገት ላይ ሸክም ብትጭኑባትስ? ኮምፒውተሩ ሲመጣም ጠይቆ የሚያውቅ ልጅ ነው የሚጠቀምበት።

ለችሎታ ብቻ ማርክ መስጠት

በተፈጥሮው ፈጣን የሆነ ልጅ ምንም ሳይማር 95 ያገኛል። እግሩ የተጎዳው ወይም እጁ ለሥዕል ያልፈታለት ዓመቱን ሙሉ ለፍቶ 50 ይሰጠዋል። ማየት የተሳነው ልጅ ደግሞ ጭራሽ «አንተ ተቀመጥ» ይባላል። ኳሷን በፌስታል ጠቅልሉለት፣ ስትንከባለል ትንኮሻኮሻለች፣ በጆሮው ይከተላታል። ሌሎቹም ዓይናቸውን ሸፍነው ከእሱ ጋር ይሞክሩ።

ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ ይኑር። መስከረም ላይ ገመድ ስንት ጊዜ ሳታቋርጥ እንደዘለለች ትጻፍበት፣ የመጀመሪያ ሥዕሏም እዚያው ይጣበቅ። ጥርና ግንቦት ላይ እንደገና ትለካ። ማርኩን ስትሞሉ መስከረም ላይ ከነበረችው ከራሷ ጋር አወዳድሯት፣ ገጹንም ለወላጇ አሳዩት።