ከግብር ነፃነት ዝርዝር የተሰረዘ ማኅበር እንዴት እንደገና ለፋውንዴሽን ድጋፍ ብቁ ይሆናል

በአሜሪካ ያለው ማኅበራችን ለአረጋውያን ፕሮግራም ያቀረበው የድጋፍ ጥያቄ ገና በመጀመሪያው ማጣሪያ ወደቀ። ፋውንዴሽኑ የማኅበሩን መለያ ቁጥር (ኢአይኤን) በአይአርኤስ (የአሜሪካ የፌዴራል ግብር መሥሪያ ቤት) የፍለጋ ገጽ ሲያስገባ «ከግብር ነፃነቱ ተሰርዟል» የሚል ስላገኘ ነው።

ዓመታዊ ገቢው በአብዛኛው ከ50,000 ዶላር የማይበልጥ ማኅበር ግብር ባይኖርበትም 990-ኤን የሚባለውን አጭር ማሳወቂያ በየዓመቱ መላክ አለበት። ሦስት ዓመት በተከታታይ ከቀረ ነፃነቱ በሕጉ መሠረት በራሱ ይሰረዛል። ቦርድ በተቀያየረ ቁጥር የአይአርኤስ የስረዛ ደብዳቤ ወደ ቀድሞው ሰብሳቢ ቤት ስለሚሄድ፣ ብዙ ማኅበራት መሰረዛቸውን የሚሰሙት ገንዘብ ሲጠይቁ ነው። ያሳዝናል፤ ሥራቸው ግን አልቆመም።

መፍትሔው ፎርም 1023-ኢዜድ የሚባለው አጭር የግብር ነፃነት ማመልከቻ ነው፤ በፔይ ዶት ጎቭ (የመንግሥት የክፍያ ድረ ገጽ) ይሞላል፣ ክፍያው 275 ዶላር፣ ንብረቱ ከ250,000 ዶላር ላልበለጠ ማኅበር። ዋናው ነገር ክፍል 5 ላይ ነው። የመጀመሪያው ሳጥን ነፃነቱን ከተሰረዘበት ቀን ጀምሮ ይመልሳል። ሁለተኛው ግን ማመልከቻው ከገባበት ቀን ብቻ ስለሚጀምር በመካከሉ ክፍተት ይተዋል። የመጀመሪያውን ለመምረጥ ከዚህ በፊት ተሰርዞ የማያውቅ መሆን፣ የስረዛ ደብዳቤው ከተጻፈበት ወይም ስሙ በአይአርኤስ የተሰረዙ ማኅበራት ዝርዝር ከወጣበት ቀን (የዘገየው ይያዛል) 15 ወር ያላለፈ መሆን አለበት።

ነፃነቱ እስኪመለስ ለማይጠብቅ ፕሮግራም፣ ነፃነት ያለው ሌላ ድርጅት ገንዘቡን በስሙ ተቀብሎ በጽሑፍ ስምምነት ሊያስተዳድርላችሁ ይችላል።

አይአርኤስ የያዘውን የማኅበሩን አድራሻ በፎርም 8822-ቢ ቀይሩ። የበጀት ዓመታችሁ ዲሴምበር 31 የሚዘጋ ከሆነ የ990-ኤን ቀነ ገደብ ሜይ 15 ነው፤ ኃላፊነቱን ለሁለት ሰው ስጡ።